ሳኩራ ለማየት ወደ ጃፓን፦ ቀን ሳይሆን መስመር ይያዙ

የሳኩራ (የጃፓን ቼሪ ዛፍ) አበባ ከፈነዳበት ቀን ጀምሮ ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ረግፎ እስኪያልቅ ሌላ አንድ ሳምንት ነው፤ ዝናብና ነፋስ ከመጣበት ያም አይሞላም። ከግማሽ ዓመት በፊት ትኬት ቆርጦ፣ አንድ ከተማ ላይ ሆቴል ይዞ፣ ይህን አጭር ጊዜ አገኘዋለሁ የሚል ሰው ሎተሪ እንደ ቆረጠ ይቁጠረው። በ2023 ቶኪዮ ላይ አበባው የፈነዳው ማርች 14 ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ግን እስከ ማርች 29 ቆየ። በሁለት ተከታታይ ዓመታት መካከል 15 ቀን ልዩነት! (ቀኖቹና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ማርች 24 በእኛ መጋቢት 15 ነው።)

ደግነቱ አበባው በመላው አገር በአንድ ቀን አይፈነዳም። ከደቡብ ወደ ሰሜን፣ ከቆላው ወደ ደጋው እየወጣ ይሄዳል። ጉዞዎንም እንደዚያው ያቅዱት፤ ከተማ ላይ ከመቸከል ወደፊትም ወደኋላም የሚንቀሳቀሱበት መስመር ይያዙ።

ስለ አበባው ማወቅ ያለብዎ

በጃፓን ከተሞች በብዛት የተተከለው ሶሜይ ዮሺኖ የሚባለው ዝርያ ነው። የሚባዛው በዘር አይደለም፤ ቅርንጫፉ ተቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ እየተቀጠለ ነው። ስለዚህ ዛፎቹ ሁሉ የአንድ ዛፍ ቅጂ ናቸው። በአንድ ሰፈር ያሉት አብረው የሚያብቡትም አብረው የሚረግፉትም ለዚህ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ሰው ይህን ዛፍ ያውቀዋል፤ በ1912 ከቶኪዮ በስጦታ ከመጡት 3 ሺህ ያህል ችግኞች አብዛኞቹ የዚህ ዝርያ ናቸው።

የጃፓን ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ በየከተማው አንድ የተመረጠ ናሙና ዛፍ አለው። የቶኪዮው ያሱኩኒ መቅደስ ግቢ ውስጥ ይገኛል። በዚያ ዛፍ ላይ 5 ወይም 6 አበባ ሲከፈት «ካይካ» ይታወጃል፤ 80 በመቶው ሲከፈት ደግሞ «ማንካይ»። ብዙ እንግዳ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዜናው «ቶኪዮ ላይ ሳኩራ ፈነዳ» ሲል ተጣድፎ ፓርክ የሚሄድ ሰው የሚያየው ባዶ ቅርንጫፍና እምቡጥ ነው። ካይካ ከታወጀ አምስት ቀን ይጠብቁ። ከዚያ እስከ ማንካይ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቀን ድረስ ያለው ጊዜ ምርጡ ነው።

የረጅም ዓመታት አማካይ የካይካ ቀን፦

– ፉኩኦካ፦ ማርች 22
– ቶኪዮ፦ ማርች 24
– ኪዮቶ፦ ማርች 26
– ኦሳካ፦ ማርች 27
– ሰንዳይ፦ ኤፕሪል 8
– አኦሞሪ፦ ኤፕሪል 22
– ሳፖሮ፦ ሜይ 1

ኤጀንሲው አሁን የሚያስታውቀው የሆነውን ብቻ ነው፤ ትንበያ መስጠት ካቆመ ከ2010 ጀምሮ ነው። የትንበያውን ሥራ የያዙት የግል የአየር ጠባይ ድርጅቶች ናቸው፤ ከጃንዋሪ ጀምሮ ያወጣሉ፣ በየሳምንቱም ያርማሉ። ቤትዎ ሆነው መገመት ከፈለጉ ደግሞ ጃፓኖች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ፦ ከፌብሩዋሪ 1 ጀምሮ የቶኪዮን የየቀኑን ከፍተኛ ሙቀት በሴልሺየስ ይደምሩ። ድምሩ ወደ 600 ሲጠጋ አበባው ደርሷል። ምክንያቱም እምቡጡን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው የዲሴምበርና የጃንዋሪ ብርድ ነው፤ ከነቃ በኋላ የሚያሳድገው ግን ሙቀት ነው።

መስመሩን መሥራት

ለአብዛኛው ሰው የሚስማማው የ10 ሌሊት ጉዞ ነው። ማርች 28 ገደማ ቶኪዮ ይግቡ፤ አራት ሌሊት እዚያ፣ አራት ሌሊት ኪዮቶ። የቀሩትን ሁለት ሌሊቶች ሳይመድቡ ይተዉዋቸው፤ ወይም ያለ ቅጣት በሚሰረዝ ሆቴል ይያዟቸው። የመጠባበቂያ ቀናትዎ እነሱ ናቸው።

ቀድመው ከደረሱና አበባው ካልከፈተ፣ ቅርንጫፉ ወደ ታች የሚንዠረገገውን «ሺዳሬ» ዝርያ ይፈልጉ። ከሶሜይ ዮሺኖ ቀናት ይቀድማል። ኪዮቶ ውስጥ በቤተ መንግሥቱ መናፈሻ ሰሜን በኩል ያሉት፣ ቶኪዮ ውስጥ ደግሞ የሪኩጊኤን የአትክልት ስፍራው ዛፍ የታወቁ ናቸው።

ዘግይተው ከደረሱ አማራጩ ሰፊ ነው። ናራ ክፍለ ሀገር ያለው የዮሺኖ ተራራ 30 ሺህ ያህል ዛፍ አለው ይባላል፤ የታችኛው፣ የመካከለኛው፣ የላይኛውና የውስጠኛው ተብሎ በአራት ደረጃ የተከፈለ ስለሆነ ከእግሩ ሲረግፍ ከአናቱ ገና ይከፈታል። ኪዮቶ ያለው የኒናጂ ቤተ መቅደስ «ኦሙሮ» የሚባሉ አጫጭር ዛፎች አሉት፤ አበባው ከሰው ዓይን ፊት ነው፣ የሚያብቡትም ወደ ኤፕሪል አጋማሽ ነው። ከዚያም ካለፈ ወደ ሰሜን፣ አኦሞሪ ክፍለ ሀገር ወዳለችው ሂሮሳኪ ይውጡ። የሂሮሳኪ ቤተ መንግሥት መናፈሻ 2,600 ያህል ዛፍ አለው፤ አበባው ሲረግፍ የግንቡን የውኃ ቦይ ሮዝ ምንጣፍ ያስመስለዋል። ጃፓኖች ይህን «ሃናኢካዳ» ይሉታል፣ የአበባ ታንኳ እንደ ማለት። አንዳንዱ ሰው ከሙሉ አበባው ይልቅ ይህን ይመርጣል፤ አልፈርድበትም።

ከኤፕሪል 29 እስከ ሜይ 5 ግን ይጠንቀቁ። «ጎልደን ዊክ» የሚባል የተከታታይ በዓላት ሳምንት ነው፤ አገሩ በሙሉ ከቤቱ ይወጣል፣ ባቡርም ሆቴልም ይሞላል። የኪዮቶ ሆቴል በሳኩራ ወቅት ከተወደደብዎ ኦሳካ ይደሩ፤ በፈጣኑ የከተማ ባቡር ግማሽ ሰዓት ነው።

ቪዛ፣ ሻንጣ፣ ባቡር

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የሚያመለክተው አዲስ አበባ ባለው የጃፓን ኤምባሲ ነው። በገልፍ አገሮች የሚኖር ደግሞ የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ እዚያው ካለው ኤምባሲ። የአሜሪካ፣ የእስራኤልና የብዙ አውሮፓ አገሮች ፓስፖርት ያላቸው ለ90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባሉ። አዘውትረው የሚጠየቁት የቀን በቀን የጉዞ ፕሮግራም፣ የባንክ መግለጫ፣ የሥራ ማስረጃ፣ የበረራና የሆቴል ማስያዣ ናቸው። ሰነዱ ከተሟላ መልሱ በተለምዶ በአንድ ሳምንት አካባቢ ይደርሳል፤ ተጨማሪ ማስረጃ ከተጠየቀ ግን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ከተሰጠበት ቀን አንስቶ የሚያገለግለው ለሦስት ወር ስለሆነ በጣም ቀድሞ ማውጣትም ኪሳራ ነው። ከጉዞው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ ማመልከት ይበቃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሶል ኢንቾን በኩል ቶኪዮ ናሪታ ያደርሳል።

ቋንጣ አይያዙ። ጃፓን የሥጋ ውጤት ያለ ይፋዊ የምርመራ ወረቀት አታስገባም፤ የደረቀም የበሰለም ቢሆን፣ ለራስዎ ስንቅም ቢሆን ያው ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የሚያነፈንፉ ውሾች አሉ።

ባቡር ላይ ገንዘብ የሚባክነው ሳይደምሩ «ጄ አር ፓስ» (ለተወሰኑ ቀናት ደጋግመው የሚሳፈሩበት የጎብኚ ትኬት) በመግዛት ነው። የሰባት ቀኑ ፓስ በኦክቶበር 2023 ከ29,650 የን ወደ 50,000 የን ዘሏል። ከቶኪዮ ኪዮቶ በሺንካንሰን (በፈጣኑ የረጅም ርቀት ባቡር) አንድ ጉዞ 14 ሺህ የን ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 28 ሺህ። ስለዚህ ሁለቱን ከተሞች ብቻ የሚያይ ሰው ፓስ አያስፈልገውም። በዚያው ሰባት ቀን ውስጥ ከቶኪዮ ወደ ሂሮሳኪ የሚወስደው ጣቢያ፣ ሺን አኦሞሪ፣ ደርሶ መልስ (35 ሺህ ገደማ) ከጨመሩበት ግን ድምሩ ከ60 ሺህ ያልፋል፤ ያኔ ፓሱ ያዋጣል። ዋጋ ይለዋወጣልና ሒሳቡን በራስዎ መስመር ይሥሩት።

ወደ ኪዮቶ ሲሄዱ ባለ ሁለት ወንበሩን፣ የቀኙን ጎን ይምረጡ፤ የመስኮቱ ወንበር ኢ ይባላል። ከቶኪዮ ከተነሱ 45 ደቂቃ ገደማ ላይ፣ ሰማዩ ከጠራ፣ የፉጂ ተራራ በዚያ በኩል ይታያል። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ሲደመር ከ160 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሻንጣ ካለዎ ለትልቅ ሻንጣ የተመደበ ወንበር አስቀድመው መያዝ ግዴታ ነው። ከዚያ የሚሻለው ሻንጣውን በ«ታክዩቢን» (በዕቃ አድራሽ አገልግሎት) መላክ ነው። የሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ወረቀቱን ይሞላልዎታል፣ በማግሥቱ ኪዮቶ ሆቴልዎ ይጠብቅዎታል። የአንድ ሌሊት ቅያሪና መድኃኒትዎን ግን በእጅዎ ይያዙ።

ለከተማ ባቡርና አውቶቡስ የሱይካ ካርድ ወይም የሱን መሰል አውጥተው ገንዘብ ይሙሉበት፤ «ኮንቢኒ» በሚባሉት 24 ሰዓት በሚሠሩ ሱቆችም ይከፈልበታል። ጥሬ ገንዘብ ሲያስፈልግ ሰቨን ኢለቨን ውስጥ ያለው ኤቲኤም የውጭ ካርድ ይቀበላል።

ሃናሚ፦ ከዛፉ ሥር መቀመጥ

አብዛኛው ጎብኚ ፎቶ አንስቶ ያልፋል። ሃናሚ ግን የመቀመጥ ነገር ነው፦ ጫማ አውልቆ፣ ምንጣፍ ላይ አረፍ ብሎ፣ መብላትና መጠጣት። ኤፕሪል 1 በጃፓን አዲሱ የበጀት ዓመት የሚጀምርበት ቀን ስለሆነ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች አዲሱን ባልደረባ የሚቀበሉት ከዚሁ ዛፍ ሥር ነው። የሚከተለውን በቅደም ተከተል ያድርጉ።

1. መቀመጥ የሚቻልበትን ቦታ ይለዩ። ቶኪዮ ላይ ኡዌኖ ፓርክ ነጻ ነው፤ ጫጫታው ግን የበዓል ዋዜማ ገበያ ነው። ሺንጁኩ ግዮኤን 500 የን ያስከፍላል፣ አልኮል ይከለክላል፣ መግቢያው ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። በምላሹ ጸጥታ አለው፤ የተለያዩ ዝርያዎች ስላሉትም አበባው ከሌላው ቦታ ይልቅ ይቆያል። ሰው በሚበዛባቸው ቀናት አስቀድሞ መመዝገብ ሊጠየቅ ስለሚችል ያጣሩ። ሜጉሮ ወንዝና ቺዶሪጋፉቺ የእግር መንገድ እንጂ መቀመጫ አይደሉም። ኪዮቶ ላይ ማሩያማ ፓርክ ወይም የካሞ ወንዝ ዳር ይቀመጡ፤ 2 ኪሎ ሜትር የሚሆነው «የፈላስፋው መንገድ» ለእግር ብቻ ነው፣ እሱም ማለዳ።

2. የሥራ ቀን ይምረጡ፤ ጠዋት 3 ሰዓት (በጃፓን ሰዓት 9:00) ይድረሱ። ቅዳሜና እሑድ በዚህ ሰዓት ጥሩው ቦታ ተይዟል። ምንጣፍ ብቻ አንጥፎ መሄድ በብዙ ፓርኮች የተከለከለ ነው፤ ጠባቂ ያነሣዋል። ከቡድኑ አንድ ሰው መቆየት አለበት።

3. ምንጣፉን ከግንዱ ራቅ አድርገው ያንጥፉ። የሳኩራ ሥር ከመሬት ብዙም አይጠልቅም፤ በየዓመቱ በሺዎች ከተረገጠ አፈሩ ይጠጥርና ዛፉ ይታመማል። ግንዱ ላይ ገመድ ማሰር፣ መሬት ላይ ችካል መትከል፣ ለፎቶ ብሎ ቅርንጫፍ ጎትቶ ማውረድ ወይም አበባው እንዲረግፍ መነቅነቅ ነውር ነው። የተሰበረ ቅርንጫፍ በቀላሉ ይበሰብሳል።

4. ለአራት ሰው 180 በ180 ሴንቲ ሜትር የላስቲክ ምንጣፍ ይበቃል፤ ሁሉም ዕቃ 100 የን ገደማ በሚሸጥባቸው ሱቆች ይገኛል። ከሥሩ የሚነጠፍ ካርቶን ወይም ቀጭን ፍራሽ ይጨምሩ። መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ ያለሱ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቀመጡም። ጃፓኖች በዚህ ወቅት ድንገት ለሚመለሰው ብርድ «ሃናቢኤ» የሚል የራሱ ስም አላቸው፦ የአበባ ብርድ። ቀን 18 ዲግሪ ሆኖ ማታ ወደ 8 ሊወርድ ይችላል፤ ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ከሻንጣ አይጉደል።

5. ምግቡን ቀድመው ይግዙ። የትልልቅ መደብሮች ምድር ቤት («ዴፓቺካ») የሳጥን ምሳ፣ ማለትም ቤንቶ፣ በዓይነት በዓይነቱ ይሸጣል። ሦስት ቀለም ያለው ሃናሚ ዳንጎ (ሮዝ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ የሩዝ ዱቄት ድብልብል) እና በጨው በተያዘ የሳኩራ ቅጠል የተጠቀለለው ሳኩራ ሞቺ የወቅቱ ናቸው። ቅጠሉ ይበላል። የቶኪዮው ሳኩራ ሞቺ እንደ ስስ ቂጣ የተጠቀለለ ነው፤ የኪዮቶና የኦሳካው የሩዙ ፍሬ የሚታይበት ነው። ሁለቱንም ሳይቀምሱ አይፍረዱ።

6. ጫማዎን ከምንጣፉ ጠርዝ ውጭ አፉን ወደ ውጭ አዙረው ይደርድሩ። የሚጠጡ ከሆነ ለራስዎ አይቅዱ፤ ለጎረቤትዎ ይቅዱ፣ እሱ ይቀዳልዎታል። ጎርሻ የለመደ ሰው ይህ አይከብደውም። የመጠጥ ዕድሜ 20 ዓመት ነው።

7. ቆሻሻ ማጠራቀሚያ አይፈልጉ፤ የለም ብለው ይነሡ። ሁለት ፌስታል ይያዙ፣ አንዱ ለወረቀትና ለምግብ ትርፍ፣ ሌላው ለጠርሙስና ለቆርቆሮ። ይዘው ወደ ሆቴል ይመለሱ። መጸዳጃ ቤት ግን ሁልጊዜ ወረፋ አለው፤ ከባቡር ጣቢያው ሳይወጡ ይጠቀሙ።

ሁዳዴ ላይ ከሆነ

የሳኩራ ወቅት ዋናው ክፍል ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ጃፓን አትክልትና አኩሪ አተር ስለሚበዛ ጾመኛ አይቸገርም ብሎ መገመት ቀላል ነው። ችግሩ የሚታየው ላይ ሳይሆን መረቁ ላይ ነው። «ዳሺ» የሚባለው የምግቡ ሁሉ መሠረት የሆነ መረቅ በብዛት የሚሠራው ደርቆ ከተፋቀ ዓሣ ነው። ሚሶ (የአኩሪ አተር ሊጥ) ሾርባ፣ የሶባና የኡዶን (የፓስታ ዓይነቶች) ሾርባ፣ የተቀቀለ አትክልት፣ ኢናሪ ዙሺ (በተጠበሰ ቶፉ የተሞላ ሩዝ)፣ ሁሉም ዓሣ ሳይታይባቸው ዓሣ አለባቸው። ዓሣ የሚበሉ ጾመኞች አይቸገሩበትም፤ የማይበሉ ግን መጠየቅ አለባቸው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተማምኑት የኡሜቦሺ (የጎመዘዘ የጨው ፕሪም) ኦኒጊሪ፣ ማለትም ተጨብጦ የተሠራ ሩዝ፣ ጨው ብቻ ያለው ኦኒጊሪ፣ የተጠበሰ ስኳር ድንችና ከላይ የተጠቀሱት የሩዝ ጣፋጮች ናቸው። አንድ ጊዜ ግን ደህና አድርገው መብላት ከፈለጉ የመነኮሳቱን ምግብ «ሾጂን ርዮሪ»ን ይዘዙ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የለበትም፤ መረቁ ከባሕር አረምና ከሺታኬ እንጉዳይ ነው። ኪዮቶ አራሺያማ በቴንርዩጂ ቤተ መቅደስ ግቢ ያለው ሺጌትሱ በዚህ የታወቀ ነው፤ ቀድሞ ማስያዝ ይሻላል። በስልክዎ ላይ «ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና የዓሣ ዳሺ አልበላም» የሚል ዓረፍተ ነገር በጃፓንኛ ጽፈው ይያዙ። «ቬጀቴሪያን ነኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ዳሺ በብዙዎች ዘንድ ከዓሣ አይቆጠርም።

ሙስሊም ተጓዥ በድስት ውስጥ የሚገባውን ሚሪንና ሳኬ (ከሩዝ የሚሠሩ አልኮሎች) ይጠይቅ። ቶኪዮ ውስጥ በአሳኩሳና በሺን ኦኩቦ ሐላል ምግብ ቤቶች አሉ፤ መስጊድ ለሚፈልግ ዮዮጊ ኡኤሃራ አጠገብ ቶኪዮ ጃሚ አለ።

ሻይ፣ ፍል ውኃ፣ ኪሞኖ

የሻይ ሥነ ሥርዓት ላይ ከመግባትዎ በፊት ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፤ ዕቃው በዕድሜ የገፋ ሊሆን ይችላል፣ ይጫራል። ጣፋጩ የሚበላው ከሻዩ በፊት ነው፣ ምሬቱን እንዲቀበልልዎ። ጎድጓዳውን ስኒ በቀኝ እጅ ያንሡ፣ በግራ መዳፍ ላይ ያስቀምጡ፣ ፊቱ ከእርስዎ እንዲዞር ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ ያሽከርክሩት። በሦስት ያህል ጉንጭ ይጨርሱት፤ የመጨረሻዋን ድምፅ እያሰሙ ይሳቡ፣ ነውር አይደለም። የጠጡበትን ጠርዝ በጣት ጠርገው መልሰው ያዙሩት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለም፤ ያው አንዱ ነው። ተንበርክኮ መቀመጥ ጉልበት ያደነዝዛል፤ ወንበር ካለ መጠየቅ አያሳፍርም።

በ«ኦንሰን» ፍል ውኃ ሕጉ ከመግባት በፊት ቁጭ ብሎ ሙልጭ አድርጎ መታጠብ ነው፤ ዋናው ገንዳ ውስጥ ሳሙና፣ ፎጣና የመዋኛ ልብስ አይገባም። ንቅሳት የሚከለክሉ ብዙ ናቸው፤ በአገሩ ንቅሳት ከወሮበላ ቡድን ጋር ተያይዞ ስለኖረ ነው። በአንገታቸው ወይም በግንባራቸው ባህላዊ ንቅሳት ያላቸው እናትዎን ይዘው ከሆነ በር ላይ እንዳያፍሩ ለቤተሰብ ብቻ በሰዓት የሚከራይ «ካሺኪሪ» ገንዳ ያለበትን ቦታ ቀድመው ይያዙ።

ኪሞኖ ከተከራዩ ከፊት ሲደራረብ የግራው ከላይ ይሁን። የቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሬሳ ነው። ኪዮቶ ጊዮን ውስጥ ደግሞ የግል መተላለፊያ ተብለው የተለጠፈባቸው ጠባብ መንገዶች ለጎብኚ ዝግ ናቸው፤ ማስታወቂያው 10,000 የን ቅጣት ይጠቅሳል። ጌይኮና ማይኮዎቹን (የኪዮቶን ባህላዊ ጨዋታ አዋቂ ሴቶችና ተለማማጆቻቸውን) ማየት የሚፈልግ ከመንገድ ላይ ከመከታተል ይልቅ ሚያኮ ኦዶሪ የሚባለውን የኤፕሪል ወር ጭፈራ ትኬት ይግዛ፤ ከ1872 ጀምሮ የሚታይ ነው።

የዝናብ ትንበያ ካለ ዕቅድዎን ገልብጡት፦ ከዝናቡ በፊት ያለው ከሰዓት በኋላ ለሃናሚ፣ የዝናቡ ቀን ለሻይና ለኦንሰን፣ በማግሥቱ ማለዳ ለወንዝ ዳር። የረገፈው አበባ ውኃውን ሸፍኖት የሚያገኙት ያን ጊዜ ነው። ድንጋዩ ላይ የወደቀው እርጥብ አበባ ግን እንደ ሙዝ ልጣጭ ያንሸራትታል፤ ሶሉ ያላለቀ ጫማ ያድርጉ።